ከተከፈተ አንድ ወር

እኔ ገብረየስ የምባል፣ ሰበታ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሰፈራችን የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ያቃተው፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የመጣለት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም መነጽሬን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ማንበብ ደስ ይለኛል፤ ምን ልዋሽ! ይህን ማለቴ ለመኩራራት አይደለም። ከዚህ በታች የምተርከው ጥፋት ግማሹ የእኔ ስለሆነ ማንነቴን አስቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ነው። ማስተር ፕላን በተባለው ነገር የተነሳ አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ታምሰዋል። ዛሬ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ሲባል ነገ ሱሉልታ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የእኛው ሰበታ። ገበሬው መሬቴ ሊሄድብኝ ነው ብሎ ይጨነቃል፣ ነጋዴው ሱቄ ይቃጠላል ይላል፣ እናት ልጄ በወጣበት ይቀራል ብላ ደጅ ደጁን ታያለች። ወሬው ከየት እንደሚነሳ አይታወቅም፤ ይዞት የሚመጣው ሰው ግን ሁልጊዜ ያለከልካል። እኔም ብሆን ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመርኩ ሳምንት ሆኖኛል።

ሐሙስ ጠዋት የእኅቴን ልጅ ሔለንን ይዤ መናኸሪያ ወጣሁ። ሔለን የዓይን ምርመራ ሙያ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ትምህርት ሲቋረጥ ሻንጣዋን ይዛ እኔ ዘንድ መጥታ ነበርና ወደ እናቷ ወደ አዲስ አበባ ልሸኛት ፈልጌ ነው። መናኸሪያው ውስጥ አንድ መኪና የለም። ፊታችንን አዙረን ልንመለስ ስንል ከላይ በኩል ሰው እየሮጠ መጣ። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁላችንም አብረን ሮጥን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ! የሐጂ የህያ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ፊት ስደርስ ግማሽ ድረስ ከወረደው የላሜራ በር ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ኮቴን ጨመደደው።

«ግቡ! ግቡ መምህር! ጎንበስ ይበሉ እንጂ!»

ገባን። ሐጂ የህያ በሩን ወደ መሬት ገፋ አደረጉትና ለመተንፈሻ ያህል ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ሐጂን የማያውቅ ሰበታ ላይ የለም፤ ሔለንም እኔ ዘንድ ስትመላለስ ቤተሰቡን ታውቃለች። ጨዋ፣ ሰላምተኛ፣ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ጠባይ ብቻ አላቸው፣ ዕቃ አይጥሉም። ጣቃ የታሰረበትን ሲባጎ ሳይቀር ፈትተው ይጠቀልሉታል። ለሠራተኛም ሆነ ለልጅ አዲስ ነገር የሚሰጡት አሮጌውን በእጃቸው ዳብሰው ማለቁን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ናችሁ» አሉን። «ትናንትም እንዲሁ ነበር። ያ አስለቃሽ ጭስ እዚህ ድረስ ገብቶ ሁላችንንም አስለቀሰን። ሚንሃ ላይማ ጠንክሮባት ይኸው እስከ አሁን አለቀቃትም።»

ጥግ ላይ ጣቃ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሚንሃ የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው እኔ እጅ ላይ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሒጃቧ ጫፍ ቀኝ ዓይኗን ሸፍናለች። በበሩ ሥር የምትገባውን ቀጭን ብርሃን እንኳ አልቻለችም።

«ሚንሃ፣ እንደምን ነሽ?» አልኳት።

«ደኅና ነኝ መምህር» አለች፤ ድምጿ ግን ደኅና አልነበረም።

ሔለን ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ሁለቱንም ዓይንሽን ነው የሚያቃጥልሽ ወይስ አንዱን?»

«ቀኙን ብቻ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሚንሃ አባቷን በግራ ዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። «ከማክሰኞ።»

«ጭሱ የተተኮሰው ትናንት ረቡዕ ነው አላሉም ሐጂ?» አለች ሔለን። «ጭስ ደግሞ አንዱን ዓይን መርጦ አይገባም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ታደርጋለች?»

ሐጂ ደነገጡ። «ቀስ! ቀስ በይ ልጄ!» ብለው ወደ በሩ ዞሩ፤ ውጭ ያ ሁሉ ሰው ለነፍሱ እየሮጠ ማን እንደሚያዳምጣቸው እንጃ። «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ። መምህር ያውቃሉ፤ ሌላ ሰው አያውቅም።»

እውነት ነው፣ አውቅ ነበር። ሚንሃ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም። ክፍል ውስጥ ወፍራም መነጽር አድርጋ ከፊት ትቀመጥ ነበር። ባለፈው ክረምት ከቡራዩ ሐምዱ የሚባል ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ሲልክ፣ ቤተሰቡ ተመካክሮ መነጽሩን አስወለቃት። ዱባይ የምትኖረው አክስቷ ሳሊሃ ለኢድ ስትመጣ ልኬቷን አሠርታ አንድ ካርቶን ሌንስ ይዛላት መጣች። ከዚያ ወዲህ የቡራዩ ሰዎች ሚንሃን ያለ መነጽር እንጂ ከነመነጽሯ አይተዋት አያውቁም።

«ኒካሁ ጥር ላይ ነው» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓይኗ ደካማ ነው፣ ልጆቿም እንዲሁ ይወጣሉ ቢሉንስ? የአንዲት ልጅ ዕድል እኮ ነው! አሁን ደግሞ ሐኪም ቤት ሄደች ከተባለ በቃ፣ አለቀ።»

«ሐጂ፣ ሌንሱን ከቀየረች ስንት ጊዜ ሆናት?» አለች ሔለን።

«ምኑን ነው የምትቀይረው?»

«ሌንሱን። አሁን ዓይኗ ላይ ያለው መቼ የተከፈተ ነው?»

«ለኢድ ነዋ! አክስቷ ያመጣችላት ዕለት።»

ሔለን ጣቶቿን ቆጠረች። «አምስት ወር? በየወሩ የሚቀየር አይደለም እንዴ?»

ሐጂ ፈገግ አሉ። እኔ እኒህን ሰውዬ ሲከራከሩ አውቃቸዋለሁ፤ ፈገግ ካሉ አለቀላችሁ ማለት ነው። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ግን ጨርቅ ስሸጥ አርባ ዓመቴ ነው። ያረጀ ነገር ይሳሳል፣ ይበላል፣ ይተረተራል። በየጊዜው ሌንሱን አምጪው እልና በብርሃን አየዋለሁ፣ በጣቴም ዳበስ አደርገዋለሁ። አልሳሳ፣ አልተቀደደ። ደግሞ ወር ያልሽውም አልሞላትም። የምታደርገው ለጁምዓና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ቆጥሬላታለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ሠላሳ ሲሞላ አሮጌውን አሳይታኝ አዲሱን እሰጣታለሁ። ካርቶኑ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

«በጣትዎ ይዳብሱታል?» አለች ሔለን ቀስ ብላ።

«እጄ ንጹሕ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እታጠባለሁ፣ ማሻአላህ።»

«ለሶላት እንደሚታጠቡ አውቃለሁ ሐጂ፤ ያንን የሚነቅፍ የለም። ግን ከታጠቡ በኋላ ጣቃ ይነካሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ሰው ይጨብጣሉ። ዓይን ደግሞ እንደ ሌላው ሰውነት አይደለም። ሌንሱ እንደ ጨርቅ አይተረተርም፤ ቢያደርገው መልካም ነበር፣ አይተን እንጥለው ነበር። ከዓይናችን የሚወጣው እንባና ቅባት ይለጠፍበታል፣ ትኋን እንኳ የማታክል፣ በዓይን የማትታይ ተሕዋስ እዚያ ላይ ትራባለች። ማስቀመጫው ውስጥ ቁጭ ባለበትም ቀን ትራባለች። ስለዚህ ወሩ የሚቆጠረው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ቢደረግም ሠላሳ ቀን ቢደረግም ወሩ ሲሞላ ይጣላል። የአንድ ቀን የሆነ አለ፣ እሱ ማታውኑ ይጣላል። የሁለት ሳምንት የሆነም አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው።»

«ሱብሃነላህ! ደኅናውን ዕቃ መጣል?» ሐጂ ተነስተው መሳቢያቸውን ከፈቱ። «እኔ በራሴ ጭንቅላት አይደለም የሠራሁት። ይኸው ካርቶኑ። ይኸው ቁጥሩ። መምህር ራሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ይላል። አሁን ስንት ነው? ሁለት ሺህ ስምንት። ገና ዘጠኝ ዓመት አለው!»

ሔለን ካርቶኑን ተቀብላ በስልኳ መብራት አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐምሌ ላይ ሐጂ ያንኑ ካርቶን ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው «መቼ ነው የሚያልፍበት?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም መነጽሬን አስተካክዬ «ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት» ብዬ አነበብኩ። እሳቸው «ገና አሥር ዓመት!» ሲሉ እኔ ደግሞ «እኔና እርስዎ ሳናልፍ እሱ አያልፍም» ብዬ ቀለድኩ። ተሳሳቅን። የዘመን አቆጣጠርን ለሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ የፈረንጅ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር የፈረንጅ ዓመት መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ ያነበብክላቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ በፈረንጅ ቁጥር ነው። በእኛ ሰኔ 2009 ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሚባል ነገር የለም።»

ሐጂ አንዴ እኔን፣ አንዴ ካርቶኑን አዩ። ግን እሳቸውም ዋዛ አይደሉም፤ ወዲያው ቆጠሩ። «ይሁን። ሰኔ 2009ም ቢሆን እኮ ገና ነው። ዓመት ከመንፈቅ አለ!»

«ያ የታሸገው ነው ሐጂ» አለች ሔለን። «ፋብሪካው እንዳሸገው ሳይነካ ቢቀመጥ እስከዚያ ይቆያል ማለት ነው። ከተከፈተ ወዲያ ያ ቁጥር አይሠራም።»

ይህን ጊዜ ከኋላው ክፍል የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ መብሩካ ብቅ አሉ። የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለዋል፤ በእጃቸው ትንሽ የዓይን ጠብታ ይዘዋል። «ጎረቤት ያለችውን ለምኜ አመጣሁ። ባለፈው ዓመት ባሏን አድኖታል አሉኝ። እስቲ ልጨምርባት።»

«እትዬ መብሩካ፣ እባክዎን አይጨምሩባት!» ሔለን እጃቸውን ያዘች። «የሌላ ሰው ጠብታ ነው። ተከፍቶም ዓመት ሆኖታል። አንዳንዱ ጠብታ ቅላቱን ያጠፋና ቁስሉን ከሥር ያባብሰዋል። ሕመሟ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም አይግባባት።» ከዚያ በጀርባቸው ያለውን ሕፃን አየችው። «የዱቄት ወተት ይጠጣል አይደል?»

«አዎ፣ እናቱ ወተት አነሳት።»

«ጣሳው ላይ ቀን አለ። ግን ጣሳውን ከከፈቱት በኋላ እስከዚያ ቀን ያስቀምጡታል?»

«ምን በወጣኝ!» አሉ ወይዘሮ መብሩካ። «ከተከፈተ ወር አላሳልፈውም። ልጁን ይቀጥፍብኝ እንዴ? ባለፈው ሐጂ ግማሽ ጣሳ ቀርቶታል አይጣልም ብለው ሲጨቃጨቁኝ ተደብቄ ነው የደፋሁት።»

«ደፋሽው?» አሉ ሐጂ።

«ደፋሁት! ልጁ ይሻለኛል።»

እዚያ ጨለማ ሱቅ ውስጥ፣ ውጭ ያ ሁሉ ሁካታ እያለ፣ ሳቄ መጣብኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ካርቶኑን ደጋግመው አገላበጡት። የነገሩን ምክንያት እየገባቸው እንደሆነ አየሁ፤ ነገር ግን ገብቶት ተነስቶ የሚሄድ ሰውና ገብቶት ቁጭ የሚል ሰው ይለያያል። ሐጂም ቁጭ አሉ።

«እሺ፣ ከነገ ጀምሮ አዲሱን ታድርግ» አሉ። «መንገዱ ሲከፈት ደግሞ እናሳያታለን። አሁን በዚህ እሳት መሃል ልጄን ይዤ የት ልሂድ? ድንጋይ ቢመታትስ? ጥይትስ?»

«አዲሱንም ማድረግ የለባትም። ዓይኗ እስኪድን ምንም አይደረግባትም» አለች ሔለን። ወደ ሚንሃ ዞረች። «አሁንም አላወለቅሽውም አይደል? ትናንት ማታ ስትተኚ አውልቀሽ ነበር?»

እናቷ ጠጋ ብለው ትከሻዋን ያዟት። ያን ጊዜ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እንባው ራሱ ያማት ነበር።

«ከእሑድ ጀምሮ አላወለቅኩትም» አለች። «ሌሊት ድንገት እሳት መጣ፣ ሩጡ ቢባል፣ ሳላይ ወድቄ እንዳልቀር ብዬ ነው። ያለሱ በሩን እንኳ አላየውም። የሌንሱ መንከሪያ ፈሳሽም ካለቀ ቆየ፤ በፈላ ውሃና በጨው ነው የማጥበው።»

«ምነው መነጽርሽን አታደርጊም ታዲያ?» አልኩ እኔ፤ የማያስፈልግ ጥያቄ መጠየቅ ልማዴ ነው።

«አባ ወስደውብኛል። የቡራዩ ሰዎች ድንገት ቢመጡ እንዳያዩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው። ደግሞ አሮጌው ሳያልቅ አዲስ የለም ብለውኛል። አላለቀም ነበር አባ። ሁልጊዜ ሲዳብሱት ደኅና ነው ይሉኛል።»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሰውን በቃል የሚረታ ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ። ይህች ልጅ ግን አንዲት የክርክር ቃል አልተናገረችም፤ አባቷ ያዘዟትን ብቻ ነው መልሳ የነገረቻቸው። ሐጂ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ሔለን፣ ልጄ» አሉ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። አትደልዪኝ። ዓይኗ ይጠፋል?»

«አላውቅም ሐጂ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ቁስለት ይመስለኛል፤ ከጥቁሩ ፊት ያለው መስታወት የመሰለው ክፍል ላይ። ከሆነ በሰዓታት ነው የሚሰፋው። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። መንገዱ እስኪከፈት ከጠበቅን ግን ምን እንደሚተርፍ ማንም ሊነግርዎት አይችልም።»

ሐጂ ተነሱ። «መብሩካ፣ ኮቴን ስጪኝ። መነጽሯንም ከቁምሳጥኑ አውጪው።»

ሔለን ሚንሃን እጇን በሳሙና አስታጥባ፣ በደንብ አስደርቃ፣ ሁለቱንም ሌንስ አስወለቀቻት። ሐጂ አሮጌውን ሌንስ ወስደው ሊጥሉት ሲሉ «ይቆይ! ሐኪሙ ከነማስቀመጫው ሊመረምረው ይፈልጋል» ብላ በቦርሳዋ ያዘችው። ሰውዬው መጣል በተማሩበት ቀን እንኳ አልተሳካላቸውም።

መንገዱን ባልተርከው ደስ ይለኝ ነበር። የሰፈራችን ባለባጃጅ ሐሰን በውስጥ ለውስጥ ኮረኮንች እስከሚችለው ድረስ ወሰደንና ከዚያ በላይ አልሄድም አለ፤ አልፈረድኩበትም። ከዚያ በእግራችን ቀጠልን። ዓለም ገና ከሚባለው ሰፈር ሳንደርስ መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል፤ ጎማ ይጨሳል፤ ወጣቶች ቆመዋል። አንዱ ወደ እኛ መጣ።

«ኦቦ፣ ኤሳ ዴምቱ?» አለ። የት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው።

ሐጂ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ «ኢጃቱ ኢሼ ዱኩባ፤ ዓይኗን አሟታል፣ ሐኪም ቤት ልናደርሳት ነው» አሉት። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ የሚንሃን ዓይን አየ። ከመነጽሩ ሥር እንደ በርበሬ ቀልቶ እንባ ያፈሳል። ወደ ኋላው ዞሮ አንድ ነገር ጮኸ፤ ሁለት ልጆች ግንዱን ወደ ጎን ሳቡት። «ደርባ» አለን፣ እለፉ። ሚንሃንም «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አላት፤ ፈጣሪ ይማርሽ ማለት ነው። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ወደ ኋላ ዞሮ ያየ የለም፤ ያ ልጅ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ወለቴ ላይ ታክሲ አገኘንና አየር ጤና ደረስን፤ ከዚያ ወዲያማ ከተማው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ውር ውር ይላል።

የሆስፒታሉ የዓይን ሕክምና ክፍል ኮሪደር በሰው ሞልቷል። ገና ቦታ ይዘን ሳንቀመጥ ሐጂ ክንዴን ጨበጡኝ። ፊት ለፊታችን አግዳሚው ላይ፣ ዓይኑ በጭሱ ተቃጥሎ በመሐረብ የሚጠርገው ሰው ከድሩ ነው፤ የቡራዩ ከድሩ፣ የሙሽራው የሐምዱ አጎት። ሽማግሌ ሆኖ የመጣው እሱ ነበር። አየን። ሐጂን አየ፣ ሚንሃን አየ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለውንም ወፍራም መነጽር አየ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ሰላም አለ።

ሐኪሟ ሚንሃን አስገብታ በማሽን ካየቻት በኋላ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አባቷ ማን ነው? ይህ ሌንስ ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው?»

ሐጂ ቢፈልጉ ጠጋ ብለው ሊያንሾካሹኩላት፣ ወይም «ቅርብ ጊዜ ነው» ሊሉ ይችሉ ነበር። ሔለን ዓይኗን አፍጥጣ ታያቸዋለች።

«አምስት ወሩ ነው» አሉ ሐጂ ሰው ሁሉ እየሰማቸው። «በየወሩ መቀየር ነበረበት። አዲስ አላጣችም፣ እኔ ነኝ ቆልፌ የከለከልኳት። በእጄም እየዳበስኩ መልሼ ሰጥቻታለሁ። በውሃና በጨው ነው የታጠበው። አራት ሌሊት አድርጋው ተኝታለች፣ መነጽሯን ደብቄባት። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እሷን እንዳትቆጪያት።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ በውሃ መታጠቡን ባላውቅ ኖሮ ውሃ ውስጥ የምትኖረዋን ተሕዋስ የሚፈልገውን ምርመራ አላዝም ነበር» ብላ ገባች።

የልጅቷን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንባቢን ማንጠልጠል አልወድም። ቁስለት ነበር፤ መሃሉን ሳይነካ ጠርዙ ላይ ነው የተያዘው። እኅቴ ቤት ሆና ሰባት ቀን ሌት ተቀን በየሰዓቱ ጠብታ ገባላት፤ ሔለንና እኅቴ እየተፈራረቁ። ጠርዙ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ቀርታለች፣ አትጠፋም፣ እይታዋን ግን አልከለከለችም። ዛሬ ሚንሃ ሌንስ የምታደርገው ለፈለገችበት ቀን ነው። የከፈተችበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ትጽፋለች፣ ወሩ ሲሞላ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም ትጥላለች፣ ማስቀመጫውንም በየሦስት ወሩ ትቀይራለች፣ ማታ ሳታወልቅ አትተኛም፣ ውሃ አታስነካውም። ቀሪውን ጊዜ በመነጽሯ ትሄዳለች። ዓይኗ አይቀላም፣ አያሳክካትም፣ አባቷም መንገድ ተዘጋ ሲባል አይደነግጡም። በየወሩ የሚጣለው ነገር ምን እንደሚያተርፍ ሐጂን ብትጠይቋቸው ሱቅ ዘግተው ያስረዷችኋል። እኔም ብሆን ከእንግዲህ የማንንም መድኃኒት ቀን ሳነብ «በማን አቆጣጠር?» ብዬ ራሴን ሳልጠይቅ አላነብም።

መጨረስ የምፈልገው ግን እዚያው ኮሪደር ላይ ነው። ሐኪሟ እንደገባች ከድሩ ከአግዳሚው ተነስቶ ወደ እኛ መጣ። ሐጂ ቀና ብለው አዩት። «ከድሩ ወንድሜ፣ ደብቀንሃል» አሉት። «ኒካሁን ብትተዉት አላዝንባችሁም።»

ከድሩ ስለ ኒካሁ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሐጂ፣ በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው ያሉት?»

«በየወሩ። የአንድ ወር የሆነው።»

«ከተከፈተ?»

«ከተከፈተ።»

ከድሩ ስልኩን አወጣ። «የእኔ ልጅ ሬሐናም ታደርጋለች፤ ያንን ዓይን አረንጓዴ የሚያስመስለውን። ለጌጥ ነው ብለን ዝም አልናት። ከሰሞኑ ዓይኔ ቆረቆረኝ ስትል እኛም ጭስ ነው ብለናት…» አልጨረሰውም። ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሞ ደወለ፤ የለም። ቡራዩ እንዲያ ባለ ቀን ስልክ አይገባም ነበር። በአራተኛው ጠራ። ከድሩ «እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ አላውቀውም» ብሎ ስልኩን ለሐጂ ሰጣቸው።

«ሬሐና ልጄ፣ የህያ ነኝ፣ የሚንሃ አባት» አሉ ሐጂ። «ዓይንሽ ላይ ያለው ሌንስ መቼ የተገዛ ነው? … ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተዪው፣ እሱ የታሸገው ነው። መቼ ከፈትሽው?»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማናት።

«አላስታውስም አባባ።»

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ አሁን ሂጂና እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አድርቂው። ከዚያ አውጪው። ዳግመኛ እንዳታደርጊው። ስልኩን አልዘጋም፣ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

ቆሙ። ከድሩ ግድግዳውን ተደግፎ አጠገባቸው ቆመ፤ ሔለንም፣ እኔም፣ ወረፋ የያዘውም ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ጆሯችንን ሰጠን። ከቡራዩ የውሃ ድምፅ ይሰማናል። ከዚያ ምንም አልተሰማም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ከድሩ አፉን ሊከፍት ሲል ሐጂ እጃቸውን አንስተው ከለከሉት።

«አንዱን አወጣሁት» አለች ልጅቷ።

«ጎበዝ» አሉ ሐጂ እያለቀሱ። «ሁለተኛውንም።»